ያልተመለሱ ኮሚዩኒኬተሮች፦ የአራት ኮምፒውተር ክላስተር ማስታወሻ

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ክላስተር ልሠራ ነው፣ ማለትም አንድ ስሌት የሚካፈሉ የተገናኙ ኮምፒውተሮች። ዕቃው ዛሬ ተሟላ። አራት ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ እያንዳንዳቸው ባለ አራት ኮርና 8 ጊጋባይት ራም፣ አንዱ በ14,000 ብር። ባለ 8 ወደብ ጊጋቢት ስዊች 4,200። ኬብልና የኬብል ጫፍ 1,300። በድምሩ 61,500 ብር። ሞኒተር ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ ሲያስፈልግ ከአንዱ ነቅዬ ሌላው ላይ እሰካለሁ።

ሁሉም ላይ ኡቡንቱና ኤምፒአይሲኤች ጫንኩ። ኤምፒአይ በተለያዩ ማሽኖች ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች መልእክት የሚለዋወጡበት ስታንዳርድ ነው፤ ኤምፒአይሲኤች እሱን የሚተገብር ላይብረሪ ነው። ፎልደሩን ከአንደኛው ማሽን በኤንኤፍኤስ አጋራሁ። ያለ ይለፍ ቃል እንዲገናኙም የኤስኤስኤች ቁልፍ ሰጠኋቸው። ግማሽ ቀኔን የበላው ግን ይሄ አይደለም፤ ሦስተኛው ማሽን ነው። ፋይል ስልክለት ከሌሎቹ አሥር እጥፍ ይንቀረፈፋል። ፍጥነቱን በኢትቱል ሳየው በ1000 ፋንታ 100 ሜጋቢት ላይ ቆሟል። የኬብሉን ጫፍ ራሴ ነበርኩ የመታሁት። ከስምንቱ ሽቦ አንዱ በደንብ አልነካም ነበር። ቆርጬ እንደገና መታሁት፤ ተስተካከለ።

ፕሮግራሙ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነው። ዝናብ ተራራማ መሬት ላይ ሲወርድ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ያሰላል። መሬቱ በሴሎች ተከፋፍሏል፤ 16 ፕሮሰሶች፣ ማለትም አብረው የሚሮጡ የፕሮግራሙ ቅጂዎች፣ 4 በ4 ተደርድረው ይካፈሉታል። እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ አስልቶ የጠርዙን ሴሎች ለጎረቤቶቹ ይልካል።

ኅዳር 7፣ እሁድ

ዝናቡን በአንድ ጥግ ነው የማስጀምረው። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ፕሮሰሶች ደረቅ ናቸው፣ የሚሠሩት የለም። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ በየእርምጃው ውሃ የደረሰባቸውን ብቻ በኤምፒአይ_ኮም_ስፕሊት ለይቼ አዲስ ኮሚዩኒኬተር፣ ማለትም እርስ በርሱ የሚነጋገር የፕሮሰሶች ቡድን፣ እፈጥራለሁ። የሚቀጥለው እርምጃ ስንት ሰከንድ ይሁን የሚለውን እነሱ ብቻ በኦልሪዱስ፣ የሁሉንም ቁጥር ሰብስቦ አንድ ውጤት ለሁሉም በሚመልስ ጥሪ፣ ይወስናሉ። ደረቆቹ ቀለማቸውን (የሚገቡበትን ቡድን መለያ) አንዲፋይንድ፣ «የትም አልገባም»፣ ብለው ያልፋሉ።

ትንሹ ግሪድ፣ 512 በ512 ሴል፣ ላይ አስነሳሁት። ቡና አፍልቼ ስመለስ ሞቷል። 2,040 እርምጃ አልፎ ነው የወደቀው። መልእክቱ በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ኮሚዩኒኬተር በዝቷል፤ በዚህ ፕሮሰስ ላይ ከ2048 ነፃው 0»።

ሜሞሪው ሞልቶ ይሆን ብዬ በቶፕ አየሁ፤ ራሙ ግማሹም አልተነካም። ያለቀው ቁጥር ነው። ኤምፒአይሲኤች እያንዳንዱን ኮሚዩኒኬተር በመለያ ቁጥር ይለየዋል፤ የአንዱ ቡድን መልእክት ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ 2,048 ቢት ያለው ሰሌዳ ይይዛል፤ ነፃ የሆነው ቁጥር 1፣ የተያዘው 0። አዲስ ኮሚዩኒኬተር ሲፈጠር የቡድኑ አባላት ሰሌዳቸውን አንድ ላይ አምጥተው፣ ሁሉም ዘንድ ነፃ የሆነውን ቁጥር ይመርጣሉ። እኔ በየእርምጃው አንድ ቁጥር እየወሰድኩ አንድም ቀን አልመለስኩም።

መመለሻው ኤምፒአይ_ኮም_ፍሪ ነው። ስታንዳርዱ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ አለ። እኔ ግን «ስፕሊት» የሚለውን ከአንድ ምሳሌ ላይ ገልብጬ ነበር፤ ምሳሌው አንዴ ከፍሎ የሚጨርስ ስለሆነ መልቀቅ አላስፈለገውም። የገለበጡት ኮድ ጣጣው እንዲህ ነው።

እርምጃዎቹን በሚደጋግመው ሉፕ መጨረሻ ላይ ኮም_ፍሪን የሚጠራ አንድ መስመር ጨመርኩ። በመጀመሪያው እርምጃ ሞተ! «ባዶ ኮሚዩኒኬተር» ይላል። ደረቆቹ ፕሮሰሶች ከስፕሊት ያገኙት ኤምፒአይ_ኮም_ናል ነው፤ እሱን ፍሪ ማድረግ ደግሞ ስህተት ነው። በሲ ናል ፖይንተርን ፍሪ ብትል ምንም አይልህም፤ ያ ልማድ ነው ያሳተኝ። «ናል ካልሆነ ብቻ» የሚል ኢፍ ጨምሬ 3,000 እርምጃ አለፈ። ተኛሁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ ማታ

ለሊቱን ሙሉ ይሂድ ብዬ 20,000 እርምጃ ሰጥቼው ነበር። 8,731 ላይ ወድቋል። መልእክቱ ግን ተቀይሯል። አሁን «ቁጥሩ በመበታተኑ ምክንያት መለያ መስጠት አልተቻለም» ነው የሚለው። ራንክ 6 (ራንክ የፕሮሰሱ ተራ ቁጥር ነው) ላይ ከ2048 ውስጥ 1,319 ነፃ አለ። ራንክ 11 ላይ 726። ሌሎቹ ጋ ሁሉም ነፃ ነው ማለት ይቻላል።

ነፃ እያለ አይሰጥም? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሆነብኝ።

ወረቀት ላይ ደመርኳቸው። 1,319 ሲደመር 726፣ 2,045። ከ2,048 የጎደለው ሦስት ብቻ ነው፤ ጥቂት ቁጥሮች ደግሞ እንደ ኮም_ወርልድ (ሁሉም ፕሮሰሶች ያሉበት) እና ኮም_ሰልፍ (እያንዳንዱ ለብቻው ያለበት) ላሉት ከመነሻው የተያዙ ናቸው። ያኔ ገባኝ። ራንክ 6 ያልመለሳቸው ቁጥሮች ራንክ 11 ጋ ነፃ ናቸው። ራንክ 11 ያልመለሳቸው ደግሞ ራንክ 6 ጋ ነፃ ናቸው። ሁለቱም ጋ በአንድ ጊዜ ነፃ የሆነ ግን አንድም የለም። ሰሌዳዎቹ ሲገጣጠሙ ሁሉም ዜሮ ይሆናል።

የዕድር ድስት ነው ነገሩ። አንድ ቤት ካልመለሰ ለሚቀጥለው ልቅሶ የሚጎድለው ለሰፈሩ ሁሉ ነው። አሥራ አራቱ ፕሮሰሶች በሥነ ሥርዓት መልሰዋል፤ ምን ይጠቅማል?

አሁን ጥያቄው ሁለቱ ለምን አይመልሱም ነው። ኮዱ አንድ ነው፤ 16ቱም ያንኑ ፋይል ነው የሚያስኬዱት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ቆጣሪ ሠራሁ። በጣም ቀላል ነው፣ ቀድሞ ባውቅ ኖሮ ሁለት ምሽት ባላጠፋሁ። እያንዳንዱ የኤምፒአይ ፈንክሽን ፊቱ ላይ «ፒ» የተጨመረበት መንትያ አለው፦ ኤምፒአይ_ኮም_ስፕሊት ካለ ፒኤምፒአይ_ኮም_ስፕሊትም አለ። ስለዚህ በዋናው ስም የራስህን ፈንክሽን ትጽፋለህ። እሱ ቁጥሩን በአንድ ጨምሮ መንትያውን ይጠራል። ፕሮግራሙን ሳትነካ ከፊቱ እንደ ላይብረሪ ትጭነዋለህ። ፋይናላይዝ ላይ፣ ኤምፒአይን በሚዘጋው ጥሪ፣ ድምሩን ያትማል። ሁሉም ነገር ከ60 መስመር አልበለጠም።

መስት የሚባል መመርመሪያም አለ፤ ይሄንንና ሌላም ብዙ ነገር ያያል። ልጭነው ሞክሬ በአንድ ምሽት አልተሳካልኝምና ተውኩት። የቤት ሥራ ሆኖ ይቆይ።

5,000 እርምጃ ያህል አስኬድኩት። አብዛኞቹ የከፈቱትና የዘጉት እኩል ነው። ራንክ 6፦ ተከፈተ 4,812፣ ተዘጋ 4,397። ራንክ 11፦ ተከፈተ 4,655፣ ተዘጋ 3,901።

415 እና 754። በዚህ አካሄድ 2,045 የሚሞላው 8,700 እርምጃ ገደማ ላይ ነው። ሒሳቡ ሲገጥም ደስ አይልም?

ሁለቱ ራንኮች የያዙት መሬት ኮረብታ ነው። ውሃ ያገኛቸዋል፣ ግን ቶሎ ይንሸራተታል። ሉፑ ውስጥ ደግሞ ከሦስት ወር በፊት የጻፍኩት እንዲህ የሚል መስመር አለ፦ የውሃው ጥልቀት ከአንድ ሚሊሜትር ካነሰ ኮንቲኒዩ። ኦልሪዱሱን ካለፈ በኋላ፣ ፍሪው ጋ ሳይደርስ ወደ ቀጣዩ እርምጃ ይዘላል። ያ ነው። አንድ ቃል።

እኔን ያናደደኝ ዝም ማለቱ ነው። ስታንዳርዱ ኮም_ፍሪ የጋራ ጥሪ ነው ይላል፤ የኮሚዩኒኬተሩ አባላት በሙሉ መጥራት አለባቸው። አንዱ ከቀረ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቁታል ብዬ ነበር የማስበው፤ ቢቆሙ ኖሮ በመጀመሪያው ደቂቃ አገኘው ነበር። ግን ያው ስታንዳርድ፣ ጥሪው የጋራ ቢሆንም አሠራሩ በአብዛኛው እዚያው በየፕሮሰሱ የሚያልቅ እንደሚሆን ይጠብቃል። ኤምፒአይሲኤች የሚሠራው እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ የራሱን መልሶ ያልፋል፣ ጎረቤቱን አይጠይቅም። ጥፋቱ አንድ ቦታ ይፈጸማል፤ ፍዳው ከስምንት ሺህ እርምጃ በኋላ ሌላ መስመር ላይ ይወጣል።

ፍሪውን ከኮንቲኒዩው በላይ አወጣሁት። 20,000 እርምጃ ያለ ችግር አለቀ።

ኅዳር 14፣ እሁድ

አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ መጣ። ኮዱን በኩራት አሳየሁት፤ ቆጣሪውን፣ የራንክ 6ን ታሪክ፣ ሁሉንም። ዝም ብሎ ሰማኝና፦

«ቆይ እንጂ፣ ስፕሊት ራሱ ስንቱን ነው የሚጠራው?»

«አሥራ ስድስቱንም።»

«ታዲያ ምን ቆጠብክ?»

መልስ አልነበረኝም። ደረቆቹን ከኦልሪዱስ ነፃ ላወጣ ብዬ ከኦልሪዱስ የከበደ የጋራ ጥሪ ውስጥ በየእርምጃው ሁሉንም አስገባቸዋለሁ። እሱ ይስቃል። እኔም ሳቅኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

ስፕሊቱን አጠፋሁት። ኦልሪዱሱ በኮም_ወርልድ ላይ ሆነ። የሚፈለገው ትንሹ ቁጥር ስለሆነ ደረቆቹ በጣም ትልቅ ቁጥር ያዋጣሉ፤ ውጤቱን አይነካም። በትንሹ ግሪድ ላይ 5,000 እርምጃ 19 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ አሁን 8 ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ መልቀቂያውን ሳስተካክል የከረምኩት ኮሚዩኒኬተር መፈጠሩም አያስፈልግም ነበር።

ጓደኛዬ የሚሠራው በፓይተን ነው፣ በኤምፒአይ ፎር ፓይ። «እኛ ጋ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ያነሳዋል» አለኝ፤ የተጣለ ዕቃን በራሱ የሚያጸዳውን ማለቱ ነው። እዚህ ላይ እንኳ ተራው የእኔ ነበር። ያ ላይብረሪ ኮሚዩኒኬተርን በራሱ አይለቅም፤ ዕቃው ከእጅህ ቢጠፋም ቁጥሩ እንደተያዘ ይቀራል። ምክንያት አለው። ጋርቤጅ ኮሌክተር በየፕሮሰሱ በፈለገው ሰዓት ነው የሚነሳው፤ የጋራ ጥሪ ደግሞ በየራሱ ሰዓት አይሆንም። ፍሪን በእጅህ መጻፍ አለብህ። ሲመለስ ኮዱን እንደሚያይ ነግሮኛል።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ትልቁ ግሪድ፣ 8192 በ8192። እያንዳንዱ ፕሮሰስ 2048 በ2048 ሴል ይደርሰዋል። በእያንዳንዱ ሴል ሦስት ቁጥር፦ ጥልቀትና ሁለት የፍጥነት አቅጣጫ።

አዲስ ጉድ። ውሃ ይጨምራል። ከሰማይ የወረደውን ደምሬ መሬት ላይ ካለው ጋር አወዳድራለሁ፤ እኩል መሆን አለበት። ትንሹ ግሪድ ላይ እኩል ነው። ትልቁ ላይ ከ400 እርምጃ በኋላ ሦስት በመቶ ትርፍ አለ። ከየት መጣ?

የአንዱን ፕሮሰስ ጠርዝ አወጣሁት። ከጎረቤቱ የተቀበለው ረድፍ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሴሎች ትክክል ናቸው። ከመሃል ጀምሮ ግን የሚቀጥለው እርምጃ ቁጥሮች ናቸው። ግማሽ የዛሬ፣ ግማሽ የነገ።

ጥፋቱ የእኔ፣ እንደ ልማዴ። ጠርዙን በአይሴንድ (መላኩን አስጀምሮ ሳያልቅ በሚመለስ ጥሪ) ልኬ መጠበቁ ስለሰለቸኝ ሪኩዌስቱን፣ የልውውጡን መከታተያ፣ በኤምፒአይ_ሪኩዌስት_ፍሪ ለቅቄዋለሁ። መልእክቱ መድረሱ አይቀርም፤ ስታንዳርዱም የተጀመረው ልውውጥ ያልቃል ይላል። ያልገባኝ ቀጣዩ ነበር። ሪኩዌስቱን ከለቀቅክ በኋላ ልውውጡ መቼ እንዳለቀ የምትጠይቅበት እጀታ የለህም። ባፈሩ፣ የሚላኩት ቁጥሮች ያሉበት ሜሞሪ፣ መቼ ነፃ እንደሆነ አታውቅም። እኔ ደግሞ ወዲያው የአዲሱን እርምጃ ቁጥሮች እጽፍበታለሁ።

ትንሹ ግሪድ ላይ ለምን ሠራ? የአንድ ጠርዝ መልእክት እዚያ 128 ሴል ነው፣ 3,072 ባይት። ያን የሚያህለውን ላይብረሪው ወዲያው አንስቶት ይሄዳል። ትልቁ ላይ 49,152 ባይት ነው፤ ገና ከባፈሬ እየተነበበ እኔ ደረስኩበት። በትንሽ ዳታ የተፈተነ የመልእክት ኮድ እንዳልተፈተነ ነው የምቆጥረው ከእንግዲህ።

ለአይሴንድ ትክክለኛው መልቀቂያ ዌይት ነው። ዌይት ሲመለስ ሪኩዌስቱም ራሱ ይለቀቃል፣ ባፈሩም ያንተ ይሆናል። ሁሉንም በዌይትኦል ሰበሰብኳቸው። ትርፉ ውሃ ጠፋ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

የምልከው በየእርምጃው ለእነዚያው ጎረቤቶች ከዚያው ባፈር ስለሆነ ወደ ቋሚ ሪኩዌስት ቀየርኩት። በሴንድ_ኢኒትና በሬሲቭ_ኢኒት አንዴ ይዘጋጃል፣ በየእርምጃው ስታርትኦል፣ ከዚያ ዌይትኦል። መሃል ላይ ላለ ፕሮሰስ አራት መላኪያ፣ አራት መቀበያ።

እዚህ ላይ ደንቡ ይገለበጣል። ቋሚ ሪኩዌስትን ዌይት አይለቀውም፤ ያሳርፈዋል እንጂ። የሚለቀቀው በሪኩዌስት_ፍሪ ነው፣ ካረፈ በኋላ። ባለፈው ሳምንት የረገምኩት ፈንክሽን ትክክለኛ ቦታው ይሄ ኖሯል።

ቆጣሪው ላይ ሪኩዌስትና ዳታታይፕን (የሚላከው ዳታ አቀማመጥ መግለጫ) ጨመርኩ። ሌላ ቀዳዳ ወጣ። ዓምድ ሜሞሪ ላይ ተከታታይ ስላልሆነ በታይፕ_ቬክተር ነው የምልከው። ታይፑን በየእርምጃው ፈጥሬ ኮሚት እያደረግኩ ከቶ ፈትቼው አላውቅም። ለዚህ የ2,048 ዓይነት ወሰን ስላላጋጠመኝ ምንም አልወደቀም። ሜሞሪው ብቻ በ10,000 እርምጃ ከ214 ወደ 226 ሜጋባይት ከፍ ብሏል። በቶፕ ለሚያይ ሰው ምንም ነው። ቆጣሪው ግን 10,000 ተከፍቶ 0 ተዘጋ ይላል።

ታይፕ ከሪኩዌስት ይልቅ ገራም ነው። መልእክቱ መንገድ ላይ እያለ እንኳ ታይፕ_ፍሪ ብትል ችግር የለውም፤ የተጀመረው ልውውጥ በደህና ያልቃል፣ ውስጡም የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ለማንኛውም አሁን አንዴ ሉፑ ከመጀመሩ በፊት ይፈጠራል፣ መጨረሻ ላይ ይፈታል።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

የቀረኝ ኮሚዩኒኬተር አንድ ነው፤ ውጤት ወደ ፋይል ለሚጽፉት። በእጅ መፍታት ስለሰለቸኝ በክላስ ጠቀለልኩት። ዕቃው ሲጠፋ የሚነሳው ዲስትራክተሩ ኮም_ፍሪን ይጠራል፤ ከእንግዲህ አልረሳም።

ላፕቶፔ ላይ ያለው ኦፕን ኤምፒአይ፣ ሌላ የኤምፒአይ ላይብረሪ፣ ነው። እዚያ ስሞክረው ስሌቱ በደንብ አልቆ መጨረሻ ላይ ጮኸ፦ ኮም_ፍሪ ከፋይናላይዝ በኋላ ተጠርቷል፣ ስታንዳርዱ ይከለክላል፣ ሥራህ ይቋረጣል። ዕቃው ሜን (የፕሮግራሙ ዋና ፈንክሽን) ውስጥ ነው የተፈጠረው፤ ዲስትራክተሩ የሚነሳው ሜን ሲያልቅ ነው። ፋይናላይዝ ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው መስመር ላይ አለ። ሬሳው ከወጣ በኋላ ሐኪም መጥራት ነው።

መፍትሔው ሁለት ቅንፍ ነው። ከኢኒት እስከ ፋይናላይዝ ያለውን በሙሉ በአንድ ብሎክ አስገባሁት፤ ዕቃዎቹ ብሎኩ ሲዘጋ ይሞታሉ፣ ፋይናላይዝ ከሱ በኋላ ይመጣል። ሌላም መንገድ አለ፦ ኮም_ሰልፍ ላይ አትሪቢዩት ብታንጠለጥል፣ ፋይናላይዝ ሥራውን ሲጀምር መጀመሪያ የአትሪቢዩቱን ማጥፊያ ፈንክሽን ይጠራል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው ኤምፒአይ 2 ጀምሮ ያለ ነው። ላይብረሪ ለሚጽፍ ሰው ይመቻል፤ ለኔ ቅንፉ ይበቃኛል።

የክላሱን ኮፒ ኮንስትራክተርም ዘጋሁት። በቫልዩ ለፈንክሽን አሳልፌው አንዱን ኮሚዩኒኬተር ሁለቴ ሊፈታ ነበር። ከልቤ የማላምነው ግን ኤክሴፕሽን፣ ስህተት ሲያጋጥም ሥራውን አቋርጦ የሚያስወጣው፣ ነው። አንድ ፕሮሰስ ብቻ ኤክሴፕሽን ቢጥል ዲስትራክተሩ በሱ ሰዓት ይነሳል፤ ሌሎቹ ገና ሉፕ ውስጥ ናቸው። ለጋራ ጥሪ ይህ አይሆንም። ስለዚህ ስህተት ሲገኝ በቀጥታ ሁሉንም ፕሮሰስ የሚያቆመው ኤምፒአይ_አቦርት፣ አለቀ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ትልቁ ግሪድ፣ 20,000 እርምጃ፣ አራቱም ማሽን። ከማስነሳቴ በፊት በ500 እርምጃ ፈተንኩ። ኮሚዩኒኬተር እኩል፣ ታይፕ እኩል፣ ሪኩዌስት እኩል። ግሩፕ (የፕሮሰሶች ዝርዝር)፦ በእያንዳንዱ ራንክ አንድ ተከፍቶ ዜሮ ተዘግቷል። ፋይል የሚጽፉትን ለመምረጥ ኮም_ግሩፕ ብዬ ያወጣሁት ነው። አንድ ብቻ ስለሆነ የሚያመጣው ነገር የለም፤ ግን ዓይኔ ውስጥ ገባ። ግሩፕ_ፍሪ ጨመርኩ። አሁን ሁሉም መስመር እኩል ነው።

ማታ 2 ሰዓት ላይ አስነሳሁት። አንድ እርምጃ ሰባት አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ አራት ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ 16,700 ደርሷል። ሜሞሪው ከተነሳበት አልተንቀሳቀሰም፣ የውሃው ድምር እኩል ነው።

አምስት ተኩል ላይ መብራት ሄደ።

ቼክፖይንት፣ ከመሃል ለመቀጠል በየጊዜው የሚቀመጥ ቅጂ፣ የለኝም። የሚቀጥለው ሥራ እሱ ነው። ዩፒኤስ ስንት እንደገባም ሰኞ መርካቶ ወርጄ እጠይቃለሁ።